የናሷ ማነጣጠሪያ

በእኛ ጊዜ ዕቃ ተበላሸ ብሎ ወደ ጥገና ቤት የሚሮጥ ሰው ወንድ አይባልም ነበር። ሬዲዮም ይሁን፣ ወንበርም ይሁን፣ የሚስትህ ጃንጥላም ይሁን ቁጭ ብለህ ትፈታዋለህ፣ ከቻልክ መልሰህ ትገጥመዋለህ፣ ካልቻልክ ደግሞ «ድሮም አርጅቶ ነበር» ትላለህ፣ አለቀ። እና እኔ ሠላሳ ዓመት እጅ ሥራ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ እዚህ አምቦ ውስጥ አውራ ጣቱን በመዶሻ ያልመታ ተማሪ የለኝም፣ ጡረታ ስወጣም ያንን ጊዜዬን ይዤው ነው የወጣሁት። ደግሞ ይህ የምነግራችሁ የድሮ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ልጄ ሌንሴ ያገባች ዓመት ነው፣ ትናንት ማለት ነው። ብሉ እንጂ! ጭኮውን ምን ታዩታላችሁ? ባለቤቴ ጫልቱ ናት ገብሱን ቆልታ የሠራችው፣ ቅቤ አልሰሰተችበትም፣ ቶሎሳ ጎረስ ጎረስ አድርግ።

ታዲያ የአባቴ ሽጉጥ አለች። ፈቃዷ በስሜ የወጣ፣ ቁጥሯ የተመዘገበ፣ ሕጋዊ ናት። ሥራዋ ምን ነበር መሰላችሁ? መታየት! እንግዳ ሲመጣ ከሣጥን ትወጣለች፣ በጨርቅ ወልወል አደርጋታለሁ፣ «ይህች የአባቴ ናት» እላለሁ፣ እንግዳው «ወይ ጉድ!» ይላል፣ ትመለሳለች። ጥይቱ ጫልቱ ጋ ነው። ባለቤቴ ከቤቱ ካርታ ጋር ቆልፋበት፣ ቁልፉን መጽሐፍ ቅዱስ በምትይዝበት ቦርሳ ከትታ ቸርች ይዛው ትሄዳለች። እኔ ባለሽጉጥ፣ እሷ ባለጥይት። እና እንደዚያ ሆነን በሰላም ኖርን።

ጫልቱ አንድ ወንድም አላት፣ ለሚ ይባላል፣ ጎጆ የምትባለው ከተማ አጠገብ ነው የሚኖረው፣ ገብስና ድንች ያመርታል፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ለልጃችን ለሌንሴ ደግሞ ኤሱማዋ ነው፣ የእናት ወንድም። ኤሱማ በእኛ አገር ቀላል ሰው አይደለም፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ኤሱማዋ እጁን ዘርግቶ ሳይመርቃት ከቤት የወጣች ሙሽራ፣ እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰጋላት ትኖራለች። ታዲያ ሠርጉ አንድ ወር ሲቀረው ለሚ ድንች በጆንያ ጭኖ መጣ፣ ስለ ሠርጉ ልንነጋገር። ጫልቱ ጭኮ አቀረበችለት፣ ይህንኑ ጭኮ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ። እሱ እየበላ እኔ አላስችል አለኝ። ሽጉጧን አወጣሁ።

«ለሚ፣ ይህችን ያዛት እስቲ፣ ክብደቷን እያት» አልኩት።

«ሶዳ፣ ቆይ እጄን ልታጠብ» አለኝ፣ ሶዳ ማለቱ አማቼ ማለቱ ነው። እጁ እስከ አንጓው ቅቤ ነው።

«ያዝ ባክህ! ሽጉጥ ቅቤ ይፈራል እንዴ?»

«ኧረ ልታጠብ፣ ማሎ፣ እባክህ።»

«ያዝ አልኩህ!»

ያዘ። ሙልጭ አለችና ሲሚንቶው ላይ ቋ! ለሚ ብድግ ብሎ ቆመ፣ ቅቤ የነካው እጁን አየር ላይ አንጠልጥሎ «ዋይ! ያባትህን ዕቃ!» አለ፣ ፊቱ አመድ ሆነ። እኔም በአፌ «ግዴለም፣ ግዴለም» አልኩ። በአፌ ነው ያልኩት። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፣ አስገድዶ ያስያዘው ማነው? እኔ። እሱን ያኔ አልቆጠርኩትም።

በማግስቱ ጠዋት በረንዳ ላይ ወጣሁ፣ ባዶ መሆኗን አየሁ፣ ወደ ግድግዳው አዞርኳትና ግራ ዓይኔን ጨፍኜ በቀኜ አነጣጠርኩ። የፊቷ ማነጣጠሪያ፣ ያቺ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የምትቆመዋ ትንሽዬ ብረት የለችም? እሷ ጎኗ ላይ ሌላ ጥላ ነገር ለጥፋ፣ ጋደል ብላ ታየችኝ። ደሜ ፈላ!

«ጫልቱ! ነይ እዪ ወንድምሽ የሠራውን!»

መጣች፣ እጇን በሸማዋ ጠረገች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። «ምን ሆነች? ቀጥ ብላ ቆማለች።»

«አንቺማ ምን ትያለሽ፣ ወንድምሽ ነው።»

«ወንድሜ ቢሆንስ፣ ብረት ቀጥ ካለ ቀጥ አለ ነው!»

ጎረቤታችን ነገራ አጥር ለአጥር ሰምቶ መጣ። ነገራ ጦር ሠራዊት ውስጥ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሲጠብቅና ሲጠግን ያረጀ ሰው ነው፣ ከዚህ በላይ አዋቂ ከየት ይመጣል? እሱም አየና «ባርሲሳ፣ ምንም አልሆነችም» አለኝ። እስካሁን ባርሲሳ፣ መምህር ነው የሚለኝ፣ ልጆቹን ስላስተማርኩ። እኔ ምን ብዬ ብመልስለት ጥሩ ነው? «ለሚ ላንተም ድንች አምጥቶልሃል አይደል?» አልኩት! እንዲህ ነበርኩ እኮ። ነገራ ሳቀና «እንግዲህ ከጠረጠርካት ለእኔ ስጠኝ፣ በወጉ ልፈትሻት» አለ። «እኔ እያለሁ?» አልኩ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት እጅ ሥራ ነዋ!

ከዚያ ስልኬን አነሣሁ። እዚህ ላይ መሳቅ አቁሙ፣ ምክንያቱም ይህችን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ። «ለሚ» አልኩት፣ «የአባቴን ዕቃ አጥምመሃታል።» «ዲፈማ ሶዳ፣ ይቅር በለኝ፣ ምን ላድርግ» አለ። ዝም ብል ምን ነበረበት? «ያ ቅባታም እጅህ ከእንግዲህ እኔ ቤት ማዕድ ላይ እንዳይዘረጋ!» አልኩት። በሰፈሩ አስታራቂ የምባለው፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የምጠራው ሽማግሌ ማለት እኔ ነኝ እንግዲህ። ለሚ «እሺ ሶዳ፣ ሰማሁ» ብሎ ዘጋ።

በሦስተኛው ቀን ለጫልቱ መልእክት መጣ። «እጄ እዚያ ቤት ካልተፈለገ ልጅቷን በምኔ ልመርቃት? ሠርጉ ላይ አልመጣም» አለ። ጫልቱ ምንም አልተናገረችኝም። ከቁጣዋ ዝምታዋ ነው የሚከብደኝ፣ ምሳ ታቀርባለች፣ ሄዳ ጓዳ ትቀመጣለች። ሌንሴ ከጤና ጣቢያ ሥራዋ ስትመለስ እናቷን አይታ፣ እኔን አይታ፣ ክፍሏ ትገባለች። እኔ ግን እልህ ያዘኝ። ያቺን የተጣመመች ማነጣጠሪያ አውጥቼ፣ በሰው ፊት አስቀምጬ፣ «እዩ! ማን ነው ጥፋተኛ?» ልል ነው ሐሳቤ።

እና እንዲህ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጓሮ ውስጥ ብረት ቆንጥጦ የሚይዘውን ሞርሳዬን ጠረጴዛው ላይ አሰርኩ። ጫልቱ ጥይቱ ሣጥኗ ውስጥ መሆኑን ሄዳ አይታ መጣች፣ ሽጉጧንም ባዶ መሆኗን አስከፍታ አየች፣ ከዚያ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር መልቀም ጀመረች። ልትጠብቀኝ ነው። የሽጉጧን ላይኛ ብረት ፈትቼ በሁለት ጣውላ መሐል ሞርሳው ላይ አጠበቅሁት። ያቺ ማነጣጠሪያ እንዲህ በጎድጎድ ውስጥ በጎን ተንሸራታ ነው የገባችው፣ ስለዚህ በጎን ነው የምትወጣው። ይህንን አውቃለሁ። በየትኛው ጎን እንደሆነ ነው የማላውቀው! ቀጭን ብረት ደግኜ ከግራ በኩል መታሁ፣ ንቅንቅ አልል አለች። መታሁ፣ መታሁ፣ መዶሻው እያመለጠኝ ብረቱን ጫረው፣ ጣቴን ጫረው።

ነገራ ከአጥሩ ማዶ ራሱን ብቅ አደረገና «ባርሲሳ፣ ከዚያኛው በኩል ነው!» አለ።

«አውቃለሁ! እያለሳለስኩት ነው!» አልኩት።

«ብረት በመምታት ይለሰልሳል?»

«ራስህን አስገባልኝ!»

ከዚያ እሱ ዘወር እስኪል ጠበቅሁና ከቀኝ በኩል መታሁ። ፉት! ብላ ወጣች፣ ወጥታም በረረች። ተንበረከክሁ። ሣሩን ስዳስስ፣ ጠረጴዛው ሥር ስገባ፣ ምስሩ ውስጥ እጄን ስከት ጫልቱ እጄን መታችኝ። «ምስሬን አትበትንብኝ! እግርህ ሥር ናት።» «የታለች?» «ጫማህ አጠገብ!» «የታለች ሴትዮ?» ጎንበስ ብላ አነሣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። አተኩሬ ባያት መዳፌ ላይም ጥላ ለጥፋለች። «አየሽ!» አልኳት፣ «እጄ ላይ እንኳ ጠማማ ናት!» ጫልቱ እኔን አየችኝ፣ ብረቷን አየች፣ እኔን አየችኝ። «ጌታ ሆይ» ብላ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ታዲያ ምትክ መሥራት አለብኝ። ካረጀ የናስ ቁልፍ ቆረጥኩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በሞረድ ሞረድኩ። ስጨርስ ሰፋ ብላ አልገባም አለች። እንደገና ሞረድኩ። አሁን ደግሞ ጠበበች፣ ላልታ ተወዛወዘች። ከሰርዲን ቆርቆሮ ቀጭን ቁራጭ ወሰድኩና ከሥሯ ሸጎጥኩላት። ከዚያ ደግሞ ማስተካከል አለ። በቀኝ ዓይኔ አያለሁ፣ ጥላ አላት፣ ጠቅ ወደ ቀኝ። አያለሁ፣ አሁንም ጋደል ብላለች፣ ጠቅ ወደ ቀኝ። እንዲያ ጠቅ ጠቅ እያደረግሁ፣ እኔ ዓይን ውስጥ መሐል ላይ ቆመች። ስትቆም እልል ማለት ነው የቀረኝ! ሽጉጧን ገጥሜ ሁሉንም ጠራሁ። ጫልቱ መጣች፣ ሌንሴ መጣች፣ ነገራም በበሩ መጣ፣ አጥር በቃኝ ብሎ።

«በሉ እዩ» አልኩ፣ «ቀጥ ማለት እንዲህ ነው!»

ነገራ ተቀበለኝ፣ ባዶ መሆኗን አረጋገጠ፣ ወደ ግድግዳው አነጣጠረ። ቆየ። አወረዳትና ዓይኑን አሸ፣ ደግሞ አነጣጠረ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ባርሲሳ» አለኝ፣ «ባንተ ሽጉጥ እዚህ አምቦ ቆሞ ጎጆን ያነጣጠረ ሰው በሌላ አቅጣጫ ያለችውን ባኮን ይመታል።» ጫልቱ ተቀብላ አየች። ከዚያ ስልክ ቀን ጀምሮ ያልሳቀች ሴት ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። «ይህች እኮ አሁን ነው የተጣመመችው!» አለች። «ቀጥ ብላለች!» እላለሁ እኔ፣ «ሁላችሁም ለለሚ አደላችሁ!»

ሌንሴ ብቻ አልሳቀችም። ነርስ ናት፣ ነግሬያችኋለሁ አይደል? ዓይኔን ስታይ ቆየችና «አባዬ፣ እስቲ ተቀመጥ» አለችኝ። «የግራ ዓይንህን በመዳፍህ ሸፍን።» ሸፈንኩ። ጣቷን አነሣች። «ስንት ነው?»

«አራት» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

ሌንሴ ጣቷን አላወረደችም።

«አሁን ደግሞ ቀኙን ሸፍንና በግራህ እይ። ስንት ነው?»

«ሁለት። ሁለቱን አጥፈሻቸዋል።»

«ምንም አላጠፍኩም አባዬ። መጀመሪያም ሁለት ነበር።» ቀረብ ብላ ቀኝ ዓይኔን ከፍታ አየችው። «ሞራ ነው» አለች። «ዓይንህን ሞራ ጋርዶታል። ግራውም ጀምሮታል። ሁለት ሆኖ የሚታይህ ለዚህ ነው። ይህ ከቆየ ብዙ ነው፣ እንዴት አልነገርከንም?»

እንዴት ልንገር? ሁለት እንደማይ አላውቅማ! ዓለም ሁሉ ትንሽ የደበዘዘ መስሎኝ ነበር። አምፑሉ ደከመ እላለሁ፣ ጋዜጣው ቀለም ቀነሰ እላለሁ፣ ሁሉም ነገር ተበላሽቷል፣ የእኔ ዓይን ብቻ ደህና ነው። ጫልቱ ሳቋን አቆመች። «በዓይንህ ምክንያት ነው ወንድሜን ያባረርክብኝ?» አለችኝ። አልጮኸችም። ልጃችን ልትወጣ ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል፣ የሚመርቃት ኤሱማ የለም፣ ያባረርኩትም እኔ ነኝ። እዚያው በተቀመጥኩበት ሰውነቴ ሁሉ አፈረ።

በማግስቱ ጎጆ ሄድኩ። ሌንሴ «አብሬህ ልሂድ» ብትል እምቢ አልኩ፣ ነውሬን በሰው ፊት አልጎትትም ብዬ። ያንን መንገድ ታውቁታላችሁ፣ መኪናው እያነጠረን ጭንቅላቴ ጣሪያውን ሲመታ «ይገባሃል» እላለሁ ለራሴ። ስወርድ ብርድ ነው፣ ጉም ነው። እርጥብ ሣር ነጨሁ፣ በሁለት እጄ ያዝኩ። ሰው ይቅርታ ሲለምን በባዶ እጁ አይሄድማ፣ በዚያ ላይ ስንቱን ሰው ሣር አስይዤ የላክሁ ሽማግሌ እኔ አይደለሁ? ያቺን የናስ ማነጣጠሪያም ነገራ አውጥቶልኝ በወረቀት ጠቅልዬ ይዣታለሁ፣ ማስረጃ ትሁን ብዬ።

የለሚ ማሳ ዳር ደረስኩ። ጋቢ የለበሰ ረዥም ሰው ድንች ይቆፍራል። ለሚ ነው! ሳልቀርበው ቆምኩ፣ ሣሩን ዘረጋሁ፣ ጀመርኩ። «ወንድሜ፣ አትናገረኝ፣ መጀመሪያ እኔ ልናገር። በድዬሃለሁ። እጅህን ሰድቤያለሁ። ያጠፋው የአንተ እጅ አይደለም፣ የእኔ ዓይን ነው። ልታጠብ ስትለኝ ያስገደድኩህ እኔ ነኝ። የአባቴን ዕቃ በመዶሻ የቀጠቀጥኳትም እኔ ነኝ። እኔን ባትምረኝ እንኳ ልጅቷን አትቅጣት። ያ እጅህ ካልተዘረጋ ያ ሠርግ ሠርግ አይሆንም» ብዬ አለቀስኩ፣ አዎ፣ አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ። ሰውየው መቆፈሪያውን ጣለ። ግራ ገብቶት ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ መጣና ሣሩን ተቀበለኝ። «ኤዬ፣ እሺ፣ ይቅር ብያለሁ» አለኝ። ድምፁ የለሚ አይደለም!

ከኋላዬ፣ ከአጥሩ በኩል፣ አንድ ሰው ሳል ሳል አለ። «ሶዳ» አለ፣ «ከዚያ ሣር ለእኔም ትንሽ አስቀርተሃል?»

አትሳቁ! ኧረ ሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ለካ የለሚ ጎረቤት ነው፣ ድንች ሊያግዘው መጥቶ። ምስኪን፣ ሣር ይዞ የመጣ ሰው አይመለስም ብሎ፣ ማን መሆኔን ሳያውቅ፣ ምን እንዳጠፋሁ ሳያውቅ ይቅር አለኝ! ለሚ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ አጥሩ ሥር ቆሞ ሰምቶኛል።

ቤቱ አስገባኝ። የናሷን ማነጣጠሪያ ከወረቀቱ አወጣሁና ሰጠሁት። አገላበጣት። «ይህችን አንተ ነህ የሠራሃት?» «እኔ ነኝ።» «እጅ ሥራ ነበር ያስተማርከው?» «እጅ ሥራ ነበር።» «በል ከዚህ በላይ ቅጣት አልጨምርብህም» አለኝ። ከዚያ ግን ሳቁ ቆመ። እጁን ዘረጋና አየው፣ ያንን አፈር የለመደ እጁን። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን እጄን ሳይ ነው የከረምኩት» አለ። «ያባትህን ዕቃ ሰበርኩ ብዬ። ና እስቲ።» ጓሮ ወሰደኝ። አንድ ሙክት ታስሯል፣ ጭድ ሳይሆን ገብስ እየበላ። «ምንም አልመጣም ብል ሠርጉ ሳይደርስ ይህን ለካሳ ላመጣልህ ነበር። ለአባትህ ዕቃ» አለኝ። እኔ ሰድቤ አባርሬው፣ እሱ ሙክት ሲቀልብልኝ! አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፣ የለሚን ማለቴ ነው፣ የሙክቱን አይደለም። በዚያ ዓይኔ ግን ማን ያውቃል።

መጣ። በሠርጉ ቀን መጣ፣ ሙክቱንም ይዞ፣ ጎረቤቱንም ይዞ። ሌንሴ ፊቱ ጎንበስ ስትል ሁለት እጁን ዘረጋላት። «ውለዱ፣ ክበዱ» አለ፣ ብዙ ብዙ መረቀ፣ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞር አለና «ልጆችሽ ዓይናቸውን ከእናትሽ ይውሰዱ!» አለ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ጫልቱ ያን ቀን ፊቷ ያበራው ማብራት፣ በዚያ ሞራዬም ቢሆን አንድ ሆኖ ታይቶኛል።

ከሠርጉ በኋላ አዲስ አበባ ወስደው የዓይኔን ሞራ አስገፈፉኝ። ቀኙን፣ ቀጥሎም ግራውን። ነገራ የቀድሞዋን ማነጣጠሪያ በዝምታ መልሶ ገጠማት፣ ወሬውን ግን ለከተማው ሁሉ አዳርሷል። ታዲያ ፋሻው ከተነሣ በኋላ መጀመሪያ ያደረግሁት ምንድን ነው? ሽጉጧን አስወጥቼ አየሁ። የፊቷ ብረት አንድ ናት፣ ቀጥ ብላለች። ከዚያ ዙሪያዋን አየሁ። እና ከለሚ እጅ መውደቋ ያደረሰባት ጭረት ብፈልግ፣ ብፈልግ አንድም የለም። በጎኗ ያለው ሁሉ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ፣ የመዶሻ ነው። የእኔ መዶሻ። አባቴ ያን ሁሉ ዘመን አንድ ጭረት ሳያሳርፍባት የያዛትን፣ እኔ በአንድ ቅዳሜ ጨረስኳት። እናስፍቀው ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ይቀመጥ። ሰው ላይ ጣቴን ልቀስር ስል አወጣለሁ፣ አያለሁ፣ ጣቴን አጥፋለሁ። የናሷ ደግሞ ይቻትና፣ የቁልፌ መያዣ ላይ ናት።

— ወይ ጋሼ ታፈሰ! እስቲ ሽጉጧን አምጧት እኛም ጭረቱን እንየው።

ላምጣት? አመጣታለሁ። ግን ቶሎሳ፣ እጅህን አሳየኝ እስቲ። አየህ? እስከ አንጓህ ቅቤ ነው! ጫልቱ፣ ውኃ አምጪለት፣ ይታጠብ በመጀመሪያ።